የማጀቱ በረኛ፤ በ1942 በአዮዋ ስለ ተደረገው የምግብ ልማድ ጥናት

ስለ ሰው ልጅ አመጋገብ የመረመሩ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ዐይናቸውን ያሳረፉት በሁለት ነገሮች ላይ ነበር፤ አንዱ ጨጓራ ሲሆን ሁለተኛው ምላስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ረኀብ ምን እንደ ሆነ፣ ጥጋብስ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁ፤ ሁለተኞቹ ጣዕምን ለኩ። በሁለቱም ዘንድ በላተኛው ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነው። ከፊቱ ያለውን ምግብ ማን እንዳቀረበው፣ ያቀረበችውም ሴት ከስንት ነገር መካከል እንደ መረጠችው፣ ሳታነሣው ያለፈችውስ ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ማጀት የገባው ከናዚ ጀርመን የተሰደደው የሥነ ልቡና ሊቅ ኩርት ሌዊን ነው፤ ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ቦታውም በአሜሪካ መካከለኛ ክፍል የምትገኘው የአዮዋ ግዛት ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞያችን ሰውን ስለ ምግብ ማስተማር የሆነ ሁሉ ሌዊን ያገኘውን ውጤት በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ሳንሰማ አልቀረንም። ንግግር ከሰሙት የቤት እመቤቶች 3 ከመቶ፣ ተወያይተው ከወሰኑት ግን 32 ከመቶ የተባሉትን አደረጉ የሚለው አነጋገር ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖሯል። ቁጥሮቹ እውነተኛ ናቸው። ሆኖም በምን ሁኔታ እንደ ተገኙ፣ ከበስተኋላቸውም ምን ሐሳብ እንደ ነበረ የሚያወሳው ጥቂት በመሆኑ፣ ዛፉን ትቶ ፍሬውን ብቻ እንደ መልቀም ሆኗል። በእኔ አስተያየት ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚበልጠው የተረሳው ክፍል ነው።

ከሌዊን ጥናት በፊት ብዙ ይነገርለት የነበረው ሐሳብ ሰውነት የሚያስፈልገውን ራሱ ያውቃል የሚለው ነው። ለዚህ ሐሳብ ትልቁን ድጋፍ የሰጠችው ክላራ ዴቪስ የተባለች አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም ነበረች። ዴቪስ በ1926 በክሊቭላንድ ከተማ በጀመረችውና በኋላ በቺካጎ በቀጠለችው ጥናት ገና ጡት የጣሉ ሕፃናት ምግባቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ አደረገች። በጠቅላላው 15 ሕፃናት ተካፈሉ። የምግቡ ዝርዝር 34 ዓይነት ሲሆን ወተት፣ እህል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ሥጋ፣ ከዚያም በላይ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አንጎልና መቅኔ ነበረበት። አስታማሚዋ ማንኪያ ይዛ በዝምታ ትቀመጣለች፤ ሕፃኑ ወደ አንዱ ሳሕን እጁን ካልዘረጋ በቀር ምንም አታጎርሰውም፤ መርጦ ሲበላም አታመሰግነውም፣ አትቆጣውም። ሕፃናቱ ዛሬ ይህን፣ ነገ ያን እያሉ ለዐዋቂ ዐይን ግራ የሚያጋባ አበላል ቢያሳዩም ጤናማ ሆነው አደጉ። ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ የነበረበት አንድ ሕፃን ከቀረቡለት ነገሮች አንዱ የሆነውን የዓሣ ጉበት ዘይት እስኪድን ድረስ በፈቃዱ ጠጥቶ፣ ከዳነ በኋላ ተወው።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ዴቪስ ግን በ1939 ባወጣችው ጽሑፍ ምሥጢሩን ራሷ ገልጣለች፤ ምሥጢሩ የምግቡ ዝርዝር ነው። በትሪው ላይ ስኳር አልነበረም፤ የተጣራ ነጭ ዱቄት አልነበረም፤ ከቆርቆሮ የወጣ ነገርም አልነበረም። ሕፃኑ ከቀረቡለት መካከል የፈለገውን ቢያነሣ ብዙ ሊሳሳት አይችልም። እንደዚህ ያሉት ምግቦች በተጨመሩበት ትሪ ላይ ምርጫቸው ምን እንደሚሆን ለማየት ሌላ ጥናት አስባ ነበር፤ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ገንዘቡን አስቀረባት። እንግዲህ የሕፃናቱ ጥበብ የታየው ትሪውን ያሰናዳችው ሴት ጥበብ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ነበር። ሌዊን የተነሣው ከዚህች ከማትታየው ሴት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ኩርት ሌዊን በ1890 ያን ጊዜ በፕሩስያ ግዛት፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በሞጊልኖ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ሱቅና አነስተኛ እርሻ ነበራቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ተሰልፎ ቈሰለ፤ ከዚያም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። እንደሚነገረው አንድ ቀን ከተማሪዎቹ ጋር ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ አስተናጋጁ ያልተከፈለውን ሒሳብ ሳይጽፍ አንድም ሳይስት እንደሚያስታውስ፣ ከተከፈለው በኋላ ግን ወዲያው እንደሚረሳው ልብ አለ፤ ተማሪው ብሉማ ዘይጋርኒክ ስላልተፈጸመ ሥራ ትዝታ በ1927 ያሳተመችው ዝነኛ ጥናት ከዚያ ተነሣ ይባላል። ነገሩ ተረት ቢመስልም የሰውየውን ጠባይ ያሳያል። ትምህርቱን የሚያገኘው ሰዎች በሚሸጡበት፣ በሚበሉበትና በሚጣሉበት ቦታ ነበር። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 አገሩን ጥሎ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከ1935 ጀምሮም በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ደኅንነት ምርምር ጣቢያ ሠራ። እናቱን ከናዚዎች እጅ ለማውጣት ያደረገው ጥረት አልተሳካም፤ በማጎሪያ ካምፕ ሞተች።

የአሜሪካ መንግሥት የሕዝቡ አመጋገብ ያሳሰበው ወደ ጦርነቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ነበር። በ1940 በብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሥር የምግብ ልማድ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በግንቦት 1941 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የጠሩት የሥነ ምግብ ጉባኤ በዋሽንግተን ተደረገ፤ በ1942 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የኅብረተሰብን ባህል በማጥናት ስመ ጥር የነበረችው ማርጋሬት ሚድ የኮሚቴው ዋና ጸሐፊ ሆነች። ኮሚቴው የተሰጠው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የከብቱ ምርጥ ሥጋ ለወታደሩና ለተባባሪ አገሮች ይላካል፤ በመጋቢት 1943 መጨረሻም ሥጋ ለሕዝቡ በኩፖን መታደል ጀመረ። ልብ፣ ኩላሊትና ዕጢ ግን ርካሽና ገንቢ ሆኖ ሳለ አብዛኛው የመካከለኛ ኑሮ ሕዝብ አይነካውም። ታዲያ ሕዝቡ ይህን እንዲበላ ምን ይደረግ?

እዚህ ላይ የእኛ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ዱለትን ለሚያውቅ፣ ጥሬ ጉበትና ጨጓራ በሚጥሚጣ ሲቀርብለት እጁን ለሚታጠብ ሰው፣ አንድ ታላቅ መንግሥት ሕዝቡን ኩላሊት ለማስበላት የሊቃውንት ኮሚቴ ማቋቋሙ ያስደንቀዋል። ዳሩ ግን ያው ሰው የጥንቸል ወይም የአሳማ ሥጋ ቢቀርብለት፣ ክርስቲያን ከሆነም የግመል ሥጋ ቢጨመርለት፣ ፊቱ ከአዮዋዋ እመቤት ፊት የተለየ አይሆንም። ሌዊንም ይህን አስተውሏል። ሰው ከሚበላው ነገር ሁሉ መካከል ምግብ ብሎ የሚቈጥረው ጥቂቱን ነው፤ ከዚያም ውስጥ ‹የእኛ ቤት ምግብ› የሚለው ከጥቂቱ ጥቂት ነው፤ የቀረው የሌሎች ሰዎች፣ ወይም የእንስሳት ምግብ ነው። ይህን ወሰን ምላስ አልሠራውም፤ ብዙ ጊዜም ሰውየው የሚጸየፈውን ነገር ቀምሶት አያውቅም።

በ1942 የሌዊን ቡድን በአዮዋ ውስጥ በሲዳር ራፒድስ ከተማ የሚኖሩ የቤት እመቤቶችን በአምስት ወገን ከፍሎ ጠየቀ። ሦስቱ ወገኖች በገቢያቸው ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ የሆኑ ነጮች ሲሆኑ፣ አራተኛው የቼክ ተወላጆች፣ አምስተኛው ጥቁሮች ነበሩ። ምን ትወጃለሽ የሚለው ጥያቄ ብቻውን አልቀረበም። ምግቡ ከየት ይመጣል? ወደ ገበታ እስኪደርስ በምን በምን ያልፋል? በያንዳንዱ ቦታ ላይ ይለፍ ወይም ይመለስ የሚለው ማን ነው?

ከመልሶቹ የተነሣው ሥዕል ለመስኖ ገበሬ የማይጠፋው ነው። ምግብ ወደ ገበታ የሚፈሰው በብዙ ቦይ ነው። አንዱ ቦይ ከሱቅ ይነሣል፤ ሌላው ከጓሮ አትክልት፤ ሌላው እንደ ወተት ያለውን ደጅ ድረስ ከሚያመጣው አዳይ፤ ሌላው ከገጠር ገበሬ፤ ሌሎቹም ቤት ውስጥ ከሚጋገረው፣ ለክረምት በጠርሙስ ከሚታሸገውና በኪራይ ማቀዝቀዣ ከሚቀመጠው። በየቦዩ ላይ በር አለ፤ በበሩም ላይ በረኛ። በሩን ያለፈ ነገር ገበታ ላይ ከደረሰ በኋላ ከቤተሰቡ አንዱ ይበላዋል፤ ስለዚህ ምን ተበላ የሚለው ጥያቄ በአመዛኙ ምን ቀረበ የሚል ጥያቄ ነው።

በረኛዋም ሚስቲቱ ሆና ተገኘች። ከጓሮ አትክልቱ በቀር ቦዮቹን በሙሉ የምታዝዘው እርሷ ናት፤ በአትክልቱም ቢሆን ባል ብቻውን የሚያዝበት ቤት ጥቂት ነው። ልጆች አንዱን ቦይ ይቆጣጠራሉ ያለች ሴት አልነበረችም። ይሁን እንጂ ይህ አነጋገር እንዳያሳስተን ሌዊን ራሱ ያስጠነቅቃል። ልጅ የቀረበለትን ገፍቶ ሲነሣ፣ ባል ሳሕኑን ተመልክቶ ዝም ሲል፣ በረኛዋ በሚቀጥለው ቀን ሱቅ ስትገባ ሁለቱም አብረዋት ይገባሉ። በሩ ላይ የቆመችው አንዲት ሴት ናት፤ በውስጧ የሚሟገቱት ግን ብዙ ናቸው። ሌዊን ከሙግቱ መካከል አራቱን ለይቶ አወጣ፤ ገንዘብ፣ ጤና፣ ጣዕምና ክብር። የአራቱም ክብደት እንደ ቤቱ ገቢ ይለያያል።

ስለ ዋጋ የጻፈው በተለይ የሚያስደስተኝ ነው፤ ነገሩን የማያውቅ ሰው የለም፤ ያስተዋለው ግን እርሱ ነው። አንዲት ሴት በልኳንዳው ፊት ቆማ ውድ ሥጋ ታያለች። ዋጋው ወደ ኋላ ይጎትታታል፤ ‹ይቅር› ያሰኛታል። ከገዛችው በኋላ ግን ያው ዋጋ ፊቱን አዙሮ ወደ ፊት ይገፋታል፤ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ሥጋ እንዳይበላሽ፣ እንዳያርር፣ ሳይበላ እንዳያድር ትጠነቀቃለች። በበሩ በዚህ በኩል ከልካይ የነበረው ኀይል በዚያ በኩል ጠባቂ ሆነ። ለበዓል ዶሮ የገዛች የእኛ አገር ባልቴትም ይህን ታውቀዋለች። ገበያ ላይ በአንድ ብር ስትከራከር የዋለችው ሴት ቤቷ ከገባች በኋላ ከ12ቱ ብልት አንዱም እንዲባክን አትፈቅድም። ከዚህ የሚወጣው ነገር ለሞያችን ትልቅ ነው፤ በሩ ከመታለፉ በፊት የተነገረ ቃልና ከታለፈ በኋላ የተነገረ ቃል፣ ቃሉ አንድ ቢሆንም፣ ሥራቸው አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ታወቁት ቁጥሮች እንምጣ። ሙከራው የተደረገው ከ13 እስከ 17 አባላት ባሏቸው ስድስት የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ቡድኖች ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን የተሰጠው ጊዜ 45 ደቂቃ ነበር። ሦስቱ ቡድኖች ጥሩ ንግግር ሰሙ። ተናጋሪዋ የሆድ ዕቃ ሥጋ ስላለው ቫይታሚንና ማዕድን በሥዕል እያስረዳች፣ ከጦርነቱ ጋር ያለውን ግንኙነት እየጠቀሰች፣ ሽታውንና መልኩን ማጥፊያ ዘዴ እየነገረች፣ በማባዣ የተባዛ የአሠራር ወረቀት ዐደለች፤ ለራሷ ቤተሰብ ሠርታ እንዴት እንደ ተወደደላትም አጫወተች። እኛ የምናውቀው ንግግር ነው፤ ምናልባትም ከምናውቀው ይሻላል።

ለሦስቱ ቡድኖች ግን የሌዊን ተማሪ አሌክስ ባቬላስ ውይይት መራ። ስለ ጦርነቱና ስለ ጤና በአጭሩ ከተነሣ በኋላ ጥያቄው ‹እንደ እናንተ ያሉ የቤት እመቤቶች ይህን ሥጋ እንዲያቀርቡ ቢጠየቁ ምን ይላሉ?› ወደሚለው ዞረ። ሴቶቹም የልባቸውን አወጡት፤ ባሌ አይበላውም፤ ሲበስል ቤቱን ይሸተዋል፤ መልኩ ያስጠላል። በንግግሩና በወረቀቱ የተነገረው መፍትሔ በሙሉ እዚህም ተነገረ፤ ልዩነቱ የተነገረው ሴቶቹ ችግሩን ራሳቸው ካነሡት በኋላ መሆኑ ነው። በመጨረሻ በሚመጣው ሳምንት ከእነዚህ ሥጋዎች አንዱን ለመሞከር ፈቃደኛ የሆነች እጇን እንድታነሣ ተጠየቀ። ከሳምንት በኋላ ሲጣራ ንግግር ከሰሙት 3 ከመቶ፣ ከወሰኑት 32 ከመቶ የሚሆኑት ከዚያ በፊት አቅርበውት የማያውቁትን ሥጋ አቅርበው ተገኙ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን ተሸክመን ከመሮጣችን በፊት ልናያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ሰዎቹ ጥቂት ነበሩ። ንግግሩን ያደረገችውና ውይይቱን የመራው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ባቬላስም በዚህ ሥራ የተካነ ነበር። ከሁሉም በላይ የወሰኑት ሴቶች በኋላ እንደሚጠየቁ ተነግሯቸው ነበር፤ ንግግር ለሰሙት ግን አልተነገራቸውም። ነገ የሚጠይቃት እንዳለ የምታውቅ ሴትና የማታውቅ ሴት እኩል ሊመዘኑ አይገባም። በመጨረሻም ከወሰኑት መካከል ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት አዲስ ነገር አላቀረቡም፤ ይህን የሚጠቅስ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ውይይት ምን ያህል ውይይት ነው? ሌዊን ከናዚ የሸሸ፣ ለዲሞክራሲያዊ አመራር የቆመ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ባቬላስ ሴቶቹን ይዞ የሚሄደው ወዴት እንደ ሆነ ያውቅ ነበር።

ሌዊንና ተባባሪዎቹ ከእነዚህ ጉድለቶች አንዳንዶቹን በተከታዩ ጥናት ለማረም ሞክረዋል። ትኩስ ወተትንና የቆርቆሮ ወተትን አብዝቶ ስለ መጠቀም በተደረገው ሙከራ የጋራ ውሳኔው ብልጫ ከሁለት ሳምንት በኋላም ከአራት ሳምንት በኋላም ታየ። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው በአዮዋ ሲቲ ሆስፒታል የተደረገው ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ እናቶች ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ስለ ብርቱካን ጭማቂና ስለ ዓሣ ጉበት ዘይት ይመከሩ ነበር። አንዳንዶቹ ለብቻቸው ከሥነ ምግብ ባለሞያ ጋር 25 ደቂቃ ያህል ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ስድስት ስድስት ሆነው ያንኑ ጊዜ ተካፈሉት። ለእያንዳንዷ የደረሰው የባለሞያ ጊዜ ያነሰ ሆኖ ሳለ ምክሩን አብልጠው የፈጸሙት በቡድን የነበሩት ናቸው፤ እነዚያ እናቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፣ ወደየቤታቸውም ከተበተኑ በኋላ አልተገናኙም።

የነገሩን ቋጠሮ ይበልጥ የፈታችው በ1955 ጥናቷን ያሳተመችው ኢዲት ቤኔት ናት። ሌዊን በአንድነት ያቀረባቸውን ነገሮች ነጣጥላ መረመረች፤ ርእሷ ምግብ ሳይሆን ተማሪዎች በጥናት ለመካፈል ፈቃደኛ ስለ መሆናቸው ነበር። ውይይቱ ራሱ ከንግግር የተለየ ኀይል እንደሌለው አገኘች። ሥራውን የሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው መወሰኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ ባልንጀሮቼ ሁሉ ማለት ይቻላል ወስነዋል ብሎ ማመን። እንግዲህ ያ ሁሉ ወሬ ምናልባት ለአንዲት ደቂቃ መንገድ ጠራጊ ነበር፤ እጆች ወደ ላይ ሲወጡ እያንዳንዷ ሴት ዘወር ብላ የሌሎቹን እጅ ለምታይባት ደቂቃ።

ሌዊን ይህን አላየም። በ1944 ከአዮዋ ወጥቶ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የቡድን ጥናት ማእከል ሲያቋቁም ቆይቶ በየካቲት 1947 በ56 ዓመቱ ሞተ። ሥጋ በኩፖን መታደሉ በኅዳር 1945 ቀርቶ ነበር፤ አሜሪካውያን እመቤቶችም ወደ ቀድሞው ሥጋቸው ተመለሱ። በረኛ የሚለው ሐሳብ ግን ከማጀት ወጥቶ ሌላ ቤት ገባ። በ1950 ዴቪድ ማኒንግ ዋይት የተባለ ተመራማሪ አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ከሚደርሰው ወሬ የትኛውን እንደሚያሳልፍና የትኛውን እንደሚጥል ለማጥናት ተጠቀመበት፤ ዛሬ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቃሉን ሲማሩ መጀመሪያ የተነገረው ስለ ኩላሊትና ስለ ጎመን መሆኑን የሚያውቁት ሁሉም አይመስሉኝም።

በአገራችን የሥነ ምግብ ሥራ በተቋም ደረጃ የተጀመረው በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ነው፤ ክፍሉም በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከሥራው ፍሬዎች በሰፊው የታወቀው ከስንዴ፣ ከሽምብራና ከአኩሪ አተር ዱቄት፣ ከወተት ዱቄትም የተዘጋጀው ፋፋ ነው። ስሙ ራሱ ስብከት ነበር፤ ልጁ ፋፋ የማትል እናት የለችም። በሌዊን ዐይን ካየነው ግን ፋፋ አዲስ ቦይ ነው፤ መነሻው ሱቅ፣ በሩም ጥሬ ገንዘብ። በከተማ ደመወዝተኛ ቤት ይህ በር ክፍት ሊሆን ይችላል። ምግቡ ከጎተራ በሚወጣበት፣ ገንዘብ በዓመት ጥቂት ጊዜ በሚታይበት የገበሬ ቤት ግን እናቲቱ ስለ ፋፋ ጥቅም ብትማርም ቦዩ እርሷ ጋ አይደርስም።

ይህንንም አልፎ የሚሄድ፣ ከሌዊን ቁጥሮች ሁሉ ይልቅ ለሐሳቡ ምስክር የሚሆን ነገር በመካከላችን አለ፤ እርሱም ጾም ነው። ማንም ሌክቸር ሳይሰጥ፣ ማንም ቁጥር ሳይጠቅስ፣ በአንዲት ሌሊት የአንድ ሰበካ ማጀት በሙሉ ወተትና ቅቤን፣ እንቁላልና ሥጋን ያስወጣል። በአዮዋ ለአንዲት ደቂቃ የታየው የእጅ መነሣት እዚህ ለ55 ቀን ሳይወርድ ይቆያል። እያንዳንዷ በረኛ የጎረቤቷም በር እንደ ተዘጋ ታውቃለች።

ቤተ ክርስቲያን ጨቅላ ሕፃናትን ጹሙ አትልም። የሆነ ሆኖ በአማራ ክልልና በሌሎችም ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶች ብዙ እናቶች በጾም ወራት ለሕፃናቸው ወተትና እንቁላል ማዘጋጀቱን እንደሚተዉት አሳይተዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሕፃኑ ይጹም የሚል ሐሳብ አይደለም፤ ድስቱና ማንኪያው ይነካካል፣ የጾመኛውም ምግብ ይገደፋል የሚል ነው። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 ከመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ቀርቶ ተገኝቷል። የዚህ ሁሉ መንሥኤ ድስት ነው አልልም፤ ድህነት፣ በሽታ፣ የውኃ ንጽሕና፣ የእናት ድካም ሁሉ አሉበት፤ በማይጾሙትም ዘንድ ችግሩ አለ። ነገር ግን ጾመኛዋን እናት ስለ እንቁላል ጥቅም ማስተማር፣ የአዮዋዋን እመቤት ስለ ኩላሊት ብረት እንደ ማስተማር ነው። ሁለቱም ትምህርቱን ይቀበላሉ። የአንደኛዋ ባል አይበላውም፤ የሁለተኛዋ ድስት አንድ ነው።

ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሴቶችን አንድ ለአምስት በማደራጀት ጤና ነክ ትምህርት በቡድን እንዲዳረስ ሲደረግ፣ አንዳንድ ባልደረቦቻችን የሌዊን ዘዴ በሥራ ላይ ዋለ ብለው ነበር። ይህን ለመቀበል ይከብደኛል። ሴቶች በክብ ስለ ተቀመጡ ብቻ የቡድን ውሳኔ አይገኝም፤ ውሳኔው ተዘጋጅቶ ከላይ ከወረደ በክብ የተደረገ ንግግር ነው። ወደ ሌዊን የሚቀርበው በዚያው ዐሥርት ዓመት በአማራ ክልል የተሞከረው ሌላው ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ካህናት ሕፃናት ከጾም ነጻ መሆናቸውን፣ ወተትና እንቁላልም ቢመገቡ ነውር እንደሌለበት ለምእመናን እንዲያስተምሩ ተደረገ። ለእናቲቱ አዲስ ዕውቀት የጨመረላት ጥቂት ይሆናል፤ ካህኑ የተናገሩትን ጎረቤቷም አማቷም አብረው መስማታቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ በሁዳዴ ከጎጆዋ የእንቁላል ሽታ ቢወጣ ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ።

ድስቱ ግን አሁንም አንድ ነው። ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ በብዙ የገበሬ ቤት ደግሞ ከሲዳር ራፒድስ በተለየ የገንዘቡን በር የሚጠብቀው ባል ነው፤ እርሱ ደግሞ እናቶች ሲሰበሰቡ አይጠራም።